«ቀኑን ብቻ ቀይሪልኝ»፦ የልብ ወለድ ሐሳብ ፍለጋ ማስታወሻ

ሐምሌ 5 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ዕቃ ተገዛ። ኪስ የሚገባ ማስታወሻ ደብተር 90 ብር፣ ሁለት ጄል እስክሪብቶ 60 ብር። ድምር 150። ዓላማው አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፎ መጨረስ ነው። አንድ ብቻ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም «ምን ልጻፍ?» ላይ ተገትሬ ቀርቻለሁ።

ጥፋቱን በከፊል የማላክከው «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ርዕሱ ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። እኔም ቃሉን በቁሙ ወስጄ ልቤ እስኪወልድ ስጠብቅ ኖርኩ። አልወለደም። ስለዚህ ዘንድሮ ፍለጋው ውጭ ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ሰፈር ውስጥ፣ ወረፋ ላይ።

ሥራዬ ወረዳ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ነው። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ። ቀኑን ሙሉ የሰው ነገር ስጽፍ እውልና ማታ የራሴን ልጻፍ ስል ጣቴ ይለግማል።

ደንብ፦ በቀን አምስት ነገር መመዝገብ። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ መምረጥ የለም።

ሐምሌ 19

ሁለት ሳምንት። 61 መዝገብ። ዛሬ ተቀምጬ ሁሉንም አነበብኩት። ወሬ ነው።

ለናሙና፦ «ታክሲ ውስጥ ረዳቱና አንድ ሰውዬ በመልስ ተጣሉ።» «ሜክሲኮ ላይ ሞተር ሳይክል ሰው ሊገጭ ለጥቂት።» «ፎቅ ላይ ያሉት ባልና ሚስት ሌሊት ሲጨቃጨቁ አደሩ።» የምመዘግበው ድምፁ ከፍ ያለውን ብቻ ነው። ሰው ካልጮኸ ወይ ካልወደቀ ደብተሬን አላወጣም ማለት ነው።

ያም ሆኖ አንዱን ሞከርኩት። የታክሲውን ጠብ። ሁለት ገጽ ያህል ጥሩ ሄደ፤ ስድቡም ሞቅ ያለ ነበር። ከዚያ ታክሲው ሜክሲኮ ደረሰና ሰዎቹ ወረዱ። ታሪኩም አብሯቸው ወረደ። ሰውየው ለምን ለዚያች አምስት ብር እንደዚያ እንደሆነ አላውቅም። ሳየውም አልጠየቅኩም፤ ስጽፈውም አልጠየቅኩም።

ሌላ ብልሽት፦ ሐሙስ ዝናብ መታኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ውኃ ገባና የጄሉ ቀለም ተንጣለለ። ከገጽ 9 እስከ 14 ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። በጎን በቢክ የጻፍኳት የስልክ ቁጥር ግን ንክች አላለችም። የጄል ቀለም በውኃ የተበጠበጠ ነው፣ የቢክ ግን ቅባትነት አለው። ክረምት ላይ ጄል ይዞ መውጣት ፋራነት ነው። ሁለት ቢክ፣ 30 ብር። ደብተሩ ከዛሬ ጀምሮ ፌስታል ውስጥ ይገባል።

ሐምሌ 26

በስልክ ሞከርኩ። ጂቦርድ (የስልክ መጻፊያ ኪቦርድ) ላይ አማርኛ በድምፅ የሚጽፍ አለ፤ ያየሁትን በሹክሹክታ ልነግረው ነበር ሐሳቤ። ሚኒባስ ውስጥ ግን የኔን ትቶ የረዳቱን ጻፈልኝ። «ጀሞ ጀሞ የሞላ የሞላ» የሚል ማስታወሻ ስልኬ ላይ ተቀምጧል። አልደመስሰውም፤ እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ምት ያለው እሱ ነው።

ቀጥሎ በቀጥታ ድምፅ መቅዳት። ካፌ ውስጥ ከጀርባዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶችን 20 ደቂቃ ቀዳሁ። ማኪያቶ 70 ብር። ማታ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ አንደኛዋ ማልቀስ ጀመረች። ካፌ ውስጥ አልሰማኋትም ነበር። አፈርኩ፤ የምር ሼም ነው። ፋይሉን አጠፋሁ። ከእንግዲህ በጆሮዬ ከሰማሁት ውስጥ ማታ ድረስ ያልረሳሁትን ብቻ ነው የምጽፈው። ለነገሩ ማታ ድረስ የቀረው ብዙ ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ይበቃል።

ነሐሴ 10

አሠራር ቀየርኩ። ደብተሩን መሐል ለመሐል በመስመር ከፈልኩት። በግራ ያየሁት፣ በቀኝ ያልገባኝ። ቀኙ ባዶ ከሆነ ግራው ይሰረዛል። በቀን አምስት የሚለውም ቀረ፤ አንድ ከተገኘ ተመስገን ነው።

የመጀመሪያዋ ጥሩ መዝገብ የጉልቷ ሴትዮ ናት። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ሽንኩርት የምገዛት። በመደብ በመደብ ትደረድራለች፣ አምስት አምስት። ሁሌ ከጥግ ያለችውን አንዷን መደብ አትሸጥም። «እሷ ተይዛለች» ትላለች። ሽንኩርቶቹ ከሌሎቹ ያነሱ ናቸው። አንዱ ሁሌ ያቆጠቆጠ ነው።

በቀኝ በኩል የጻፍኩት፦ «ለማን ነው የተያዘችው? ለምን ትንንሹን?»

አራት ቀን በዚህ ስብሰለሰል ቆየሁ። የሞተ ልጅ አለ፤ የማይመጣ ደንበኛ አለ፤ ዕዳ አለ። አምስተኛው ቀን አላስችል አለኝና ጠየቅኳት። ከት ብላ ሳቀችብኝ።

«የኔ እህት፣ ለራቴ ነዋ! ጥሩ ጥሩውን ልብላ እንዴ?»

በቃ። እንደ ፊኛ ተነፈሰ። ቤት ገብቼ መዝገቡን ልሰርዝ ስል ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። መልሷ ከኔ ግምት ሁሉ ይሻላል። ያቆጠቆጠውን ለራሱ የሚያስቀር ነጋዴ። ታሪክ አልሆነም፤ አንድ ቀን የአንድ ገጸ ባሕርይ ቁራጭ ይሆናል። ስህተቴ ግን ቶሎ መጠየቄ ነው። ቢያንስ አንድ ግምቴን ጽፌ ሳልጨርስ መጠየቅ አልነበረብኝም። ጥያቄው ነው ሲያስጽፈኝ የነበረው።

ነሐሴ 24

ይሄኛው ይረዝማል።

ሰባት ሳምንት ሙሉ መንገድ ለመንገድ ስንከራተት ወንበሬ ላይ የሚመጣውን አላየሁም ነበር። «በእጅ የያዙት ወርቅ…» እያልኩ ራሴን አልወቅስም፤ የሥራ ነገር እንደዚህ ነው። በቀን 30 ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ማመልከቻ አያነብም። ፊደል ነው የሚያየው።

አንድ አዛውንት አሉ። (እዚህ የምጽፈው ተቀይሯል፤ ጉዳዩም፣ ሰውየውም። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይመጣል።) በወር አንድ ጊዜ ይመጣሉ። የሟች ባለቤታቸው ስም ላይ ያለ ቆጣሪ ወደ ራሳቸው እንዲዞርላቸው ነው። አንድ ገጽ ማመልከቻ። መልሱ ሁሌ «ሌላ ጊዜ ይመለሱ» ስለሆነ በየወሩ አዲስ ያስገባሉ። ፋይሉ ዴስክቶፔ ላይ ነው። እሳቸውም ቁጭ ሳይሉ፦

«ልጄ፣ ቀኑን ብቻ ቀይሪልኝ።»

ቀኑን እቀይራለሁ፣ ፕሪንት አደርጋለሁ፣ በላስቲክ ማኅደር ያስገቡታል። እንዳይጨማደድ በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን ይዘውት ይወጣሉ።

ባለፈው ሳምንት መጡ። ቀኑን ቀየርኩ። ሊወጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩና «ያቺን መስመር አውጫት» አሉኝ። ጣታቸውን ያሳረፉባት መስመር «ባለቤቴ ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለየች» የምትለዋ ናት።

«ጋሼ፣ እሷ ከወጣችማ ማመልከቻው ምክንያት የለውም» አልኳቸው።

«ግዴለም። አውጫት።»

አወጣኋት። ፕሪንት አደረግኩ። ወረቀቱን ተቀብለው ቆመው አነበቡት፤ ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ለአራት አጥፈው ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። ሒሳብ ከፍለው ሄዱ።

ማመልከቻ ለአራት አይታጠፍም። ለአራት የታጠፈ ወረቀት ቢሮ አይገባም። ላስቲክ ማኅደሩ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቷል።

በቀኝ በኩል ምንም አልጻፍኩም። መጻፍ አላስፈለገኝም።

ጳጉሜን 2

በሦስት ማታ ስድስት ገጽ። በሕይወቴ እንደዚህ ፈጥኜ ጽፌ አላውቅም። ሱቅ ውስጥ ፕሪንት አደረግኩት፤ 6 ገጽ በ10 ብር፣ 60 ብር ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ለሥራ ባልደረባዬ አስነበብኳት።

ሁለተኛው መስመር ላይ ቀና አለችና የሰውየውን ስም ጠራች።

«ቀይሬዋለሁ እኮ» አልኳት። ስሙን ቀይሬ ነበር። ኮቱን አልቀየርኩም። ቆጣሪውን አልቀየርኩም። «ልጄ፣ ቀኑን ብቻ ቀይሪልኝ» የሚለውን ቃል በቃል አስቀምጬዋለሁ። እሷ ደግሞ ክፉ ነገር አልተናገረችም፤ «እሳቸው ይሄን ቢያነቡ?» ብቻ ነው ያለችው። ሰው ማመልከቻ የሚያስጽፈው ምስጢሩን ለማያውቀው ሰው አምኖ ነው። ሐኪም ቤት እንደመሄድ ነው። እኔ ያንን ይዤ ስሜን ከላይ ጻፍኩበት።

ስድስቱን ገጽ ቀደድኩ። ፋይሉንም አጠፋሁ። (ፍላሽ ላይ ቅጂ ነበረኝ። እሱንም በማግስቱ አጠፋሁት። አንድ ቀን ፈጀብኝ፤ ልዋሽ አልፈልግም።)

ስህተቱ ከማስነበቤ በፊት ነው የጀመረው፤ ሰውየውን እንዳሉ ወስጄ ስማቸውን ብቻ መፋቄ ላይ። የሰረቀውን ላም ቀንድ ቀብቶ ገበያ እንደሚያወጣ ሌባ።

መስከረም 10 ቀን 2018

በዓሉ አለፈ። ሥራ ተጨናንቆ ነበር፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ ፎቶ ኮፒ።

ከሰውየው ምን ነበር የያዘኝ? ዛሬ 4 ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ይሄን ብቻ አሰብኩ። ኮቱ አይደለም። ቆጣሪው አይደለም። ባለቤታቸው መሞቷም እንኳ አይደለም። ሳይለወጥ በየጊዜው የሚደገም ወረቀት አለ፣ አንድ ቀን አንድ መስመር ትወጣለች። ሞተሩ ይሄ ነው። ሞተሩን አውርጄ ሌላ መኪና ላይ ልግጠመው ብዬ ሦስት ሞከርኩ።

አንድ፦ በየሴሚስተሩ የድጋሚ ፈተና ጥያቄ የሚያስገባ ተማሪ። ግማሽ ገጽ ላይ ሞተ። ተማሪው የሚያጣው ነገር ቀላል ነው፤ ካለፈ አለፈ።

ሁለት፦ የመጋዘን ጥበቃ። ሌሊት ሌሊት መዝገብ ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ የሚፈርም። ይሄኛው ጥሩ ይመስል ነበር፤ አንድ ሌሊት አይጽፍም። ግን ሳስበው ወደ ሌባና ፖሊስ ታሪክ ይጎትተኛል። መጋዘን ሲነሳ ሌባ ካልመጣ አንባቢ ይቀየማል።

ሦስት፦ ዕድር።

ዕድር ላይ ስደርስ እጄ ቀለለ። ምክንያቱ ገብቶኛል። ወር በወር የሚደገም ነገር አለ፣ መዝገብ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ደንብ አለ፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ያውቃል። ደግሞም የዕድር መዝገብ ከሌላ መዝገብ የሚለየው ስም የሚጻፍበት ለሞት ቀን መሆኑ ነው። የቤተሰብ ዝርዝር የሚሞላው ማን ሲሞት ስንት እንደሚከፈል ለማወቅ ነው። ለባል ይሄን ያህል፣ ለልጅ ይሄን ያህል።

ታሪኩ፦ እናት። ልጇ በጅቡቲ በኩል የመን ሊሻገር ወጥቶ ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል። ዕድሩ በየዓመቱ የቤተሰብ ዝርዝር ያድሳል። ገንዘብ ያዡ ስም ይጠራል፣ እሷ «አለ» ትላለች፣ እሱ ምልክት ያደርጋል። «የለም» ካለች ድንኳን ይተከላል፣ ጡሩንባ ይነፋል፣ ገንዘብ ይሰጣታል። ገንዘቡ ያስፈልጋታል። ሁሉም ያውቃል። በአምስተኛው ዓመት ገንዘብ ያዡ ስሙን ሲጠራ ዝም ትላለች።

እርሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ነው።

አዛውንቱ እዚህ ውስጥ የሉም። ፈለግኳቸው፤ የሉም። ይሄን በማየቴ ቀለለኝ።

መስከረም 25

የመጀመሪያ ድራፍት፣ 9 ገጽ። አለቃዬ ስለ ነገሩ ሰምቶ ፕሪንት በ5 ብር አደረገልኝ፤ «ሲታተም አንድ ቅጂ» ብሎ። 45 ብር።

ጮክ ብዬ ሳነበው የሰማሁት አስደነገጠኝ። ሁሉም ሰው እንደ ማመልከቻ ነው የሚናገረው። እናትየዋ ገጽ 4 ላይ እንዲህ ትላለች፦ «ልጄ በሕይወት ስለመኖሩ ማረጋገጫ ማቅረብ ባልችልም ስሙ በመዝገቡ ላይ እንዲቀጥልልኝ እጠይቃለሁ።» ግርጌዋ ላይ «ከሰላምታ ጋር» የሚል ብቻ ነው የቀራት። የአምስት ዓመት የሥራ በሽታ።

ጥገና፦ ምልልሱን በሙሉ ሰርዤ፣ ስክሪን ሳላይ፣ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ በአፌ አልኩት። ያ ዐረፍተ ነገር አሁን ይሄ ሆኗል፦

«አለ። ይጻፉ እንጂ። አለ።»

ሁለተኛው ችግር መቼት። ቃሉን መቼ እና የትን አጋብቶ የፈጠረውን ሰው አደንቃለሁ፤ እኔ ግን የትን ብቻ ነበር የያዝኩት። ስብሰባው በየትኛው ወር ነው? ዝናብ አለ? ጭቃ ካለ ሰው ጫማውን የት ያራግፋል? ግንቦት ላይ አደረግኩት። ሙቀት፣ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ በየመሐሉ የሚንጣጣ ቆርቆሮ። ጸጥታዋ ውስጥ ቆርቆሮው አንዴ እንዲንጣጣ አድርጌያለሁ። ደስ ያለኝ ቦታ ነው፤ ደስ ስላለኝም እጠረጥረዋለሁ።

ሦስተኛው፣ ስም። ለገንዘብ ያዡ አምስት ስም ቀያየርኩ። እኛ አገር ስም ዕድሜን፣ ሃይማኖትን፣ አንዳንዴም አገርን አንድ ላይ ይዞ ይመጣል። አንድ ስም ጻፍክ ማለት ሦስት ገጽ ማብራሪያ ጻፍክ ማለት ነው። በመጨረሻ ስም ነሣሁት። «ገንዘብ ያዡ» ነው የሚባለው። ሰፈሩም እንደዚያ ነው የሚጠራው።

ጥቅምት 9

አብዛኛው የዕድር ዝርዝር ግምት ነበር። አምና አንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንቡን እኛ ጋ አስጽፎ ነበር፤ ደንብ ደግሞ ለአባል ሁሉ የሚበተን ስለሆነ ምስጢር አይደለም። አስፈቅጄ አንዱን ቅጂ እንደገና አነበብኩት። አሁን በሰው ዓይን። ቀብር ያልመጣ ይቀጣል። ወርኃዊ መዋጮ ያዘገየ ይቀጣል። አዲስ ገቢ መግቢያ ይከፍላል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ በቁጥር ተዘርዝሯል። ስለጠፋ ሰው ግን አንድም አንቀጽ የለም። የሞተ አለ፣ የለቀቀ አለ። የጠፋ የለም።

ለታሪኩ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አልነበረም። ገንዘብ ያዡ ደንቡን ገልጦ ሲፈልግ የሚያጣበትን አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፤ በምትኩ ገጽ 2 ላይ የነበረውን የልጁን የልጅነት ታሪክ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። ኳስ ይወድ ነበር፣ ምናምን። የየትኛውም ልጅ ሊሆን ይችላል።

ባልደረባዬ ሁለተኛውን ድራፍት አነበበች (ሌላ 45 ብር)። የማንንም ስም አልጠራችም። ገጽ 7 ላይ ግን «ገንዘብ ያዥ እንደዚህ አያወራም፤ በጣም አዛኝ ነው» አለች። ልክ ናት። እኔ ነኝ እያዘንኩ ያለሁት፤ እሱ ሒሳብ መዝጋት አለበት፣ ከኋላው 40 ሰው ተሰልፏል።

ወጪ እስካሁን፦ ደብተርና ጄል 150፣ ቢክ 30፣ በኋላ የገዛሁት ትልቅ ደብተር 85፣ ፕሪንት 60 እና 90፣ ማኪያቶ አራት ጊዜ 280። ድምር 695 ብር። ከዚህ ውስጥ የባከነው ጄሉና ማኪያቶው ነው። ካፌ ውስጥ አንድም ነገር አላገኘሁም።

ጥቅምት 20

ጋሼ መጡ። በሁለት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። ማኅደራቸውን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። «እዚህ ነበር እንዴ?» አሉ። ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው የፈለጉት፤ የመታወቂያ፣ በፊትና በጀርባ። ስለ ማመልከቻው አልጠየቅኩም። እሳቸውም አላነሱትም። ፋይሉ ዴስክቶፕ ላይ እንዳለ ነው።

ደብተሩ ላይም አልጻፍኩትም። እዚህ ብቻ።

ጥቅምት 22

የቀረው ገጽ 7 ነው። ገንዘብ ያዥ ወረፋ ሲጠራ ምን ይላል? ደረሰኝ ሲቆርጥ ቀና ይላል? ያልከፈለን እንዴት ነው የሚያሳፍረው፣ በድምፅ ነው ወይስ በዝምታ? ከቤቴ ሆኜ በግምት የምሞላው ነገር አይደለም።

የሰፈራችን ዕድር ነገ እሑድ ይሰበሰባል። ማታ ላይ ለእማዬ «የነገውን ክፍያ እኔ ልውሰድልሽ» አልኳት። በሕይወቴ ዕድር ሄጄ አላውቅም። ወጡን ማማሰል ትታ ዞር ብላ አየችኝ።

«ደግሞ አሁን ምን አጠፋሽ?»